እሳት የሌላቸው ግልገሎች

ኬንጋንዚና እኔ የምንኖረው ከቡንዮኒ ሐይቅ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። በመካከላችን ያለው አንድ የማሽላ እርከን ብቻ ስለሆነ እሷ ጓሮዋ ውስጥ ስትስል እኔ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ስለዚህ ያን የሐምሌ ማለዳ አሳማዋ ስትወልድ የግልገሎቹን ለቅሶ ከእሷ እኩል ሰማሁት። የአሳማ ግልገል ሲያለቅስ ልክ እንደ ሕፃን ነው። ጉሙ ወፍራም ስለነበር ለቅሶው ከየት እንደሚመጣ እንኳ አይለይም ነበር።

ፀሐይ ጉሙን ስትገልጠው ከአስራ አንዱ ሰባቱ ሞተዋል። እርስ በርሳቸው ተደራርበው፣ አንዱ በሌላው ሆድ ሥር አፍንጫውን ቀብሮ።

በዚያው ሰዓት የእኔ ፍየልም ወለደች። ግልገሏ እርጥብ እንደሆነች ተንዘፈዘፈች፣ ቆመች፣ ጠባች። እኔም ምላሴ አያርፍ፣ በአጥር ላይ ተንጠራርቼ ጮህኩ።

«ኬንጋንዚ! የእኔዋ ቆማ ትጠባለች! ያንቺዎቹ ምን ነካቸው? በበረዶ እጅ ነው እንዴ የምታዋልጂው?»

ቀና ብላ አየችኝ። የተናገርኩት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምላሴን ነከስኩ፤ ግን አንዴ ወጥቷል።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ኬንጋንዚ ድንች ስትቆፍር ድንገት ምጥ መጣባት። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ዝናብ ነበር፤ ሰው አልነበረም። እዚያው እርከኑ ላይ ወለደችና በረጠበ ነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤት ወጣች። ታሬሙዋ አሉት። እስከ ማግስቱ ጠዋት ነው የኖረው። ያን ጠዋት አማቷ፣ እማማ ካባቴሲ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጁን አበረድሽው» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ወዲህ በእኛ ኮረብታ ኬንጋንዚ ስትነሳ ያ ቃል አብሮ ይነሳል። ባሏ ባንጊራና ካምፓላ ለግንባታ ሥራ ሄዶ በየገናው ብቻ መምጣት ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግቢ፣ አንዷ ስትገባ አንዷ እየወጣች፣ እንዲሁ ኖሩ።

በኅዳር አሳማዋ ድጋሚ ወለደች። ከአስር ዘጠኙ ሞቱ። አሁን ወሬው ከኔ ቀልድ አለፈ። ብርድ ቢሆን የፍየሉንም ይገድል ነበር፤ ነገሩ ከሴትየዋ ነው ተባለ። እሷም አመነች መሰለኝ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ጉሙ ውስጥ ቆማ አገኘኋት፤ ባዶ እግሯን፣ ጆሮዋን ወደ ማሽላው ሰጥታ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አልኳት።

«እሱ ነው» አለች።

«ማን?»

«ታሬሙዋ። አሳማ እኮ እንዲህ አያለቅስም።»

በረቱ ጭር ብሏል። የተረፈችው አንዷ ግልገል ከእናቷ ሥር ተኝታለች። እኔ ምንም አልሰማሁም። ቢሆንም ቤቴ እስክገባ ድረስ ወደ ኋላዬ መዞር ፈራሁ።

በሳምንቱ ኦሪኪሪዛ የምትባል ወጣት የእንስሳት ሐኪም መጣች። የሞቱ የአሳማ ግልገሎችን ነበር በየቤቱ የምትመዘግበው፤ ከጆሯቸውም ጫፍ ለምርመራ ትንሽ ቁራጭ ትወስዳለች። ጎረቤት ነኝና ተከትያት ገባሁ። እማማ ካባቴሲ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር።

«የሞቱት የት ተጣሉ?» አለች ዶክተሯ።

«አልተጣሉም» አለች ኬንጋንዚ።

ከቤቱ ኋላ ወሰደችን። አስራ ስድስት ትናንሽ የአፈር ጉብታዎች ተደርድረዋል። ከጫፍ፣ ሣር የለበሰ አንድ አሮጌ ጉብታ አለ። እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልላ ነበር የቀበረችው። የአንድ እርከን ጎረቤቷ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር።

ዶክተሯ ቢላዋዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ ኬንጋንዚ፣ ማነው ያንቺ ጥፋት ነው ያለሽ?»

«የፍየሏ ግልገል በዚያው ብርድ ቆማለች፤ እነዚህ ለምን ሞቱ? እስቲ ይንገሩኝ።»

ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳች። በሥጋችን በየቅንጣቱ ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ምድጃዎች አሉ፤ የበላነውን አንድደው ጉልበት ያደርጉልናል። እዚያ ምድጃ ላይ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሥራው ነዲዱ ጉልበት በመሆን ፈንታ ሙቀት ሆኖ እንዲወጣ ማድረግ ነው። አራስ ግልገል ሳይንቀጠቀጥ የሚሞቀው በእሱ ነው።

«በጠቦት አለ፤ በፍየል አለ፤ በአይጥም አለ። በአሳማ ዘር ግን ሰው ሳይፈጠር በፊት ተበላሽቶ ቀርቷል። እዚያ አለት ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮም የለውም፤ ዝሆንም የለውም። ዝሆን ግን ገና ሲወለድ ትልቅ ስለሆነ ብርዱ ቶሎ አይደፍረውም። የአሳማ ግልገል ትንሽ ነው፣ ጠጉር የለውም፣ እሳትም የለውም። እዚህ ጉም ውስጥ ማንም ያዋልደው ማን ይሞታል።»

ከኋላችን ድምፅ መጣ። እማማ ካባቴሲ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

«የሰው ልጅስ፣ ልጄ?»

«የሰው ልጅ አለው፣ እማማ። እዚህ፣ በትከሻዎቹ መሃል፣ ስብ ውስጥ።»

«በሰባት ወሩ የመጣስ?»

«አለው። ግን ጥቂት ነው፤ ቶሎ ያልቅበታል። እናቱ ደረት ላይ ከዋለ ሊቆይ ይችላል። ሊተርፍ ላይተርፍም ይችላል፤ ያንን እኔ አላውቅም።»

አሮጊቷ ወደ አሮጌው ጉብታ ቀረቡ።

«ደረቷ ላይ ነበር» አሉ። «ሞቆ ነበር፤ በእጄ ነክቼዋለሁ። እሷ ደክሟት ተኝታለች። ደም ነበረበት፤ ልጁ ንጹሕ ሆኖ አባቱ ይየው ብዬ አነሳሁት። አጠብኩት። እንጨቱ ረጥቦ እሳቱ እምቢ ስላለኝ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር።»

ጎንበስ ብለው ከጉብታው ላይ ሣር ነቀሉ።

«ከዚያ አላለቀሰም» አሉ። «መልሼ አስታቀፍኳት። አልነቃችም።»

ኬንጋንዚ ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ወይም አሮጊቷን ትገፈትራለች። እሷ ግን ወደ ዶክተሯ ዞረች።

«የሚቀጥሉትን ምን ላድርግላቸው?» አለች።

ገለባ፣ ነፋስ የማያስገባ ሣጥን፣ ፍም የያዘ ማሰሮ አለቻት። ዶክተሯ ስትሄድ ካባቴሲ እዚያው ጉብታዎቹ ጋ ቀርተው ነበር። ኬንጋንዚ በመጨረሻ ወጣችና «ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አለቻቸው። ክንዳቸውን ግን አልያዘችም።

በመጋቢት አሳማዋ አስር ወለደች። የማሰሮውን ፍም ያቀጣጠሉት አሮጊቷ ናቸው። የደከሙትን ሁለቱን ጭናቸው ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እስከ ረፋድ ተቀመጡ። ስምንት ዳኑ። ሁለቱ ሴቶች በዚያ ሁሉ ሰዓት «ፍም ጨምሪ» እና «እሺ» ከመባባል ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

በዚያው ሳምንት ካባቴሲ የእኔን ስልክ ተውሰው ለልጃቸው ለባንጊራና ሁሉንም ነገሩት። እሱ ስልኩን ዘጋባቸው። በዚያ ዓመት ለገና አልመጣም። ኬንጋንዚ ናት በኋላ የደወለችለት፤ አጠገቧ ነበርኩ።

«እናትህ አርጅተዋል፣ ና» አለችው። ጥቂት ካዳመጠች በኋላ ደግሞ፣ «አይ፣ ይቅር አላልኳቸውም። አንተ ግን ና» አለች።

በቀጣዩ ዓመት ከፋሲካ በፊት መጣ። እናቱ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ። እሱም አልነጠቃቸውም። ኬንጋንዚ ድንች አቀረበች፤ ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉ። እኔ ጨው ልዋስ ገብቼ፣ ጨውን ሳልጠይቅ ወጣሁ።