የክሪኬት ክለቡ መርዶ

መርዶውን የነገርንበትን ቀን ተሳስቼ ይሆናል፤ ማክሰኞ ይመስለኛል። አውስትራሊያ፣ ያራቪል በሚባል ሰፈር በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሚስተር ሃሮልድ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሽማግሌ በየጠዋቱ “የመንደሬ ክሪኬት ክለብ አሸነፈ?” ይሉኛል። እኔም ደስ እንዲላቸው “አሸንፏል” እል ነበር። ሕሊናዬ ሲቆረቁረኝ ውጤቱን ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። ክለቡ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሜዳውም ለቤት መሥሪያ ተሽጧል።

መርዶ በማለዳ፣ ከሰው ጋር ተሆኖ ነው የሚነገር። ስለዚህ አብረውኝ የሚሠሩትን ጋሼ ታደሰን ለመንኳቸው።

“ለጨዋታ መርዶ? አንተ ልጅ፣ ጤናም የለህ!” አሉኝ። ግን መጡ።

አልጋቸው አጠገብ እጃችንን አጣምረን ስንቆም ሚስተር ሃሮልድ ደነገጡ።

“ማን ሞተ?”

“ክለብዎ” አልኩ።

“ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ እዚያ ነበር” አሉ። “ኋላ ትምህርት ቤቱ ክሪኬት ማስተማሩን ተወ፤ ልጆቹም እግር ኳስ መረጡ። በመጨረሻ ለቡድኑ አሥራ አንድ ሰው ማሟላት አቃተን።”

“ካወቁ ታዲያ ለምን ይጠይቁታል?” አሉ ጋሼ ታደሰ።

“‘የለም’ ያለኝ ሰው አልነበረማ።”

ከዚያ ወዲህ ጠይቀውኝ አያውቁም። በኋላ የሜዳውን የሽያጭ ሰነድ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት፤ ወደ አውስትራሊያ ከመምጣታቸው በፊት በክለቡ ሊቀመንበርነት የፈረሙት ራሳቸው ናቸው።