በጎጀብ ደሴቶች መሃል የተነከረው ብርብራ

በጋ ላይ የጎጀብ ወንዝ ሲጎድል፣ ከድልድዩ ራቅ ብሎ ትንንሽ ደሴቶች ብቅ ይላሉ። ክረምት ሲመጣ ውሃው ስለሚውጣቸው ጎጆ የቀለሰባቸውም ሆነ እህል የዘራባቸው ሰው የለም። መሃላቸው ላይ ሾላና ዘንባባ፣ ዳር ዳሩን ቄጤማ፣ ከዚያ አሸዋ፤ በቃ። በመካከላቸው የሚተኛው ውሃ ግን ጥርት ያለ ነው። ከጀልባ ላይ ሆኖ ወደታች ያየ ሰው እጁን ሰዶ ጠጠሩን የሚለቅም ይመስለዋል፤ ቢሞክር ትከሻው ድረስ ይርሳል እንጂ አይደርስበትም።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ በየዓመቱ ጥር ላይ ከቦንጋ ወርደን እዚያ እንውል ነበር። እሱ ይዋኛል፣ እኔ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። እሱ ካረፈ በኋላ ብቻዬን ልሄድ አልደፈርኩም።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሙ ቤቴ መጡ። ነጋዴ ናቸው፤ የሞተር ጀልባም ገዝተው ነበር።

“ተነሺ እንጂ! ቤት ውስጥ ተቀብረሽ ልትቀሪ ነው? ማር የሚገዙኝ ሁለት እንግዶች ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ ደሴቶቹን አሳያቸዋለሁ። አንቺም ነይ፣ መንፈስሽ ይታደሳል” አሉኝ።

“እሺ ጋሼ” አልኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ጀልባዋን የሚነዱት የወንዙ ዳር ሰው፣ ሸምገል ያሉና ብዙ የማይናገሩ ነበሩ። ከመቀመጫው ሥር አንድ ጆንያ አይቻለሁ፤ ምሳ መስሎኝ ዝም አልኩ። ወንዙን ሽቅብ ይዘን ደሴቶቹ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ጠፋና ጸጥ አለ። ውሃው እንደማውቀው ነበር። አምባዛዎች ከድንጋይ ሥር ጢማቸውን እያንቀሳቀሱ ይታያሉ፤ ጣት የሚያክሉ የዓሣ ጫጩቶች በመንጋ ሆነው ወዲያና ወዲህ ይላሉ። እንባዬ መጣ። እንግዶቹ እንዳያዩኝ ብዬ ከጀልባዋ ወርጄ በአንደኛዋ ደሴት ማዶ ዞሬ ባለቤቴ ልብሱን ይሰቅልበት የነበረው ሾላ ሥር ተቀመጥኩ።

ሳቅና ጩኸት ሰምቼ ተመለስኩ። ጋሼ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጆንያውን እንደ ልብስ እያሹ ውሃ ውስጥ ያጥቡታል። ያ ጥርት ያለ ውሃ ወተት መስሎ አረፋ ደፍቷል። ዓሦቹ አንድ በአንድ ሆዳቸውን ወደ ላይ እያደረጉ ይንሳፈፋሉ። እንግዶቹ ትልልቁን እየመረጡ ወደ ጀልባዋ ይወረውራሉ፤ አንደኛው በስልኩ ይቀርጻል። ጫጩቶቹን ዞር ብሎ ያየ የለም።

“ምንድን ነው ይኼ?”

“ብርብራ ነው፤ ዓሣ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ። ያያቶቻችን ዘዴ ነው፣ ምን ያስደነግጥሻል?”

“አያቶቻችን በጆንያ ነበር የሚጨምሩት? ታች እኮ ሰው ውሃ ይቀዳል፣ ከብት ይጠጣል!”

“ወንዝ አይደል? ያጥበዋል። አትጨቅጭቂን፣ እንግዳ ፊት ነን።”

“አንተ ትንሽ አታፍርም?” አልኳቸው።

ቀረጻው ቆመ። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እኚህን ሰው አንቱ እንጂ አንተ ብያቸው አላውቅም። አስቤበት አልነበረም፤ ወጣ። ከአፌ የወጣውን መልሼ ለመዋጥ ግን አልፈለግኩም።

ጀልባዋ ወንዙን ቁልቁል ይዛ ተመለሰች። እግሬ ሥር ያሉት ዓሦች ገና አፋቸውን ይከፍታሉ። ወደ መውረጃችን ሳንደርስ ሴቶች ጄሪካን ይዘው የሚቀዱበት መልካ አለ። ሞተር ከውሃ ፍሰት ይቀድማልና መርዙ ገና አልደረሰባቸውም።

“አባባ፣ እዚህ ያቁሙልኝ” አልኳቸው ጀልባ ነጂውን።

ሰውየው ወደ ጋሼ ተመለከቱ። ጋሼ “ንዳ!” አሉ። ነጂውም አንገታቸውን ደፍተው ሞተሩን ቀነሱ እንጂ አላቆሙም። ወደ ዳር ስንጠጋ ከነልብሴ ዘለልኩ። ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር።

በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ እየጮህኩ ለሴቶቹ ነገርኳቸው፦ ላይ ብርብራ ተነክሯል፣ አትቅዱ፣ ከብቶቻችሁን መልሱ። አንዲት እናት የሞላችውን ጄሪካን ይዛ ቆመች።

“ማነው ያደረገው?”

“የባሌ ወንድም ነው” አልኳት።

ቁልቁል ጄሪካኑን አየች። ከዚያ የቀዳችውን ውሃም ጠረጠረችና ደፋችው። ደረቅ ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝ፤ አስፋልት ድረስ ሸኝታኝ በአንድ አይሱዙ ቦንጋ ገባሁ።

በሳምንቱ አማቴ ቤት ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከሺሺንዳ የመጡ የባሌ አጎት ነገሩን ከፈቱ፦

“ልጄ፣ ታላቅሽን በእንግዳ ፊት አንተ ማለትሽ ልክ ነው?”

ጠበቅኩ። ስለ ውሃው የሚያነሳ ሰው ይኖራል ብዬ ጠበቅኩ። ስለ እንግዶቹ ቅሬታ ተወራ፣ ስለ ቤተሰብ ክብር ተወራ፣ ባሌን ስለማጣቴና ሐዘን ሰውን ስለማናደዱ ሳይቀር ተወራ።

“ውሃውስ?” አልኩ በመጨረሻ።

“ውሃው ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይኼን እናንሳ።”

ተነስቼ “አንተ ስላልኩ ይቅርታ” አልኩ፤ ከልቤ ነው። “አሁን ጋሼም ወርደው መልካው ላይ ያሉትን ሴቶች ይቅርታ ይጠይቁ።”

አጎት ሳቁ። “ውሃ ቀጂ ሊለምን?”

ያን ሳቅ እስካሁን ይቅር አላልኩም። የቀረበውን ምግብ ሳልቀምስ ወጣሁ፤ አማቴ እስከ አጥሩ ተከትለውኝ መጡ፤ እጄን ጨብጠውኝ ተመለሱ።

ዘንድሮ በጥር ጋሼ ስልክ ደወሉ፤ ከሽምግልናው ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። መልካው ላይ የሚቀዱት ሴቶች ጀልባዋ ሽቅብ ስታልፍ መንገድ ዘግተው የያዘችውን ሁሉ ይፈትሻሉ አሉኝ። ጆንያ ሳይፈታ ማንም አያልፍም። ጀልባ ነጂው እንኳ ሳይጠየቁ መቀመጫውን ራሳቸው ያነሱላቸዋል።

“እንደ ሌባ አስፈተሽሽኝ!” አሉኝ።

“እኔ አላስፈተሽኩዎትም፣ ጋሼ” አልኳቸው። “ሴቶቹ ግን ደግ አድርገዋል።”

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ ንዴቴ ገና እንዳዲስ ሲፈላ ተሰማኝ። መጪው ቅዳሜ ወርጄ ከሴቶቹ ጋር መልካው ላይ ለመቆም ወሰንኩ።