ፊደላችንን «ቫይረስ ነው» ያለው ማሻሻያ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ አንድ ጉዳይ ለማስፈጸም ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ወጣት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ «ጸረ ቫይረሱ ታድሶ ሌላው ፕሮግራም አልከፈት ብሏል፤ ነገ ተመለሱ» አለን። ከይጁቤ ድረስ የመጡ ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ደግ ሳቅ ግን አልነበረም።

የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እዚሁ ማርቆስ በአንድ የባህል መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ ደብዳቤ መተየብ ነው። በዚያ ክረምት ግን ከደብዳቤ የሚበልጥ ነገር ደረሰኝ፤ ከዲማ የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን ቅኔ ይነግሩኛል፣ እኔ እተይባለሁ። የኔታ ነበር የምላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቅኔው ከእሳቸው በቀር ሌላ ሰው ዘንድ አልነበረም። በየጠዋቱ ጋቢያቸው በዝናብ ርሶ ይመጡና ከኪሳቸው የተቆላ ሽምብራ አውጥተው ግማሹን ይሰጡኛል። ሽምብራው ራሱ እርጥብ ጋቢ ይሸታል። ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ ለውጬ ከተገኘሁ «ልጄ፣ ንጉሡን እሳት ውስጥ ጣልሽው!» ብለው ይስቃሉ።

ነሐሴ ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት አንድ ባለሙያ ተላከ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ምን እንደምንሠራ አንዳችንንም ሳይጠይቅ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አዲሱን ጸረ ቫይረስ ጫነ። በማግስቱ ስከፍት የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም የለም፤ ጸረ ቫይረሱ ቫይረስ ነው ብሎ አጥፍቶታል። የየኔታ ቅኔ የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

«ፋይሉ በቫይረስ ተበልቷል» አለ ባለሙያው። «ከምሳ በኋላ ማሽኑን ፎርማት አደርገዋለሁ፤ ያለበት ሁሉ ይጠፋል።»

«ፋይሉ ደህና ነው፤ የጠፋው የአማርኛው ፕሮግራም ነው» አልኩት።

«አንቺ ምንድን ነው የተማርሽው?»

«ታይፕ።»

ሳቀ። ኃላፊያችንም ምኑ እንዳሳቀው ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ከዚያ ተያይዘው ምሳ ሄዱ።

የኔታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። «ልጄ፣ ያ ሰው ያመጣው ነገር ስሙ ምንድን ነው?»

«ጸረ ቫይረስ ይባላል፣ የኔታ። የቫይረስ ጠላት ማለት ነው።»

«ጸርስ ጠላት ነው፤ ደግ ብለዋል። የማን ጠላት እንደሆነ ግን አልነገሩትም።» ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «እንደገና ልንገርሽ ብል ዕድሜው የሚበቃኝ አይመስለኝም» አሉ።

ፋይሉን በፍላሽ ገልብጬ ማንንም ሳላስፈቅድ ወጣሁ። ሉማሜ አንዲት ጓደኛዬ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ የእነሱን አሮጌ ኮምፒውተር ማንም አልነካውም። አውቶቡሱ በጉሙ ውስጥ እየተንፏቀቀ ሲሄድ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ነበር። የመስኮቱ ውኃ ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠባል። ጓደኛዬ ፋይሉን ከፈተችው። ፊደሎቹ አንድ ሳይጎድሉ ወጡ። እሷ ሻይና ዳቦ አስመጣች፤ እኔ እንባዬን እየጠረግኩ እንዲታተም አዘዝኩ። ማተሚያው እያቃሰተ እስኪጨርስ ድረስ አጠገቡ ቆምኩ።

በማግስቱ ወረቀቱን ለየኔታ ሰጠሁ። በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ «አንብቢልኝ» አሉ። ገና በመጀመሪያው መስመር ንባቤን አረሙልኝና ያን ጊዜ ነው ፊታቸው የበራው።

በመስከረም ስብሰባ ተጠራ። የቅኔው መትረፍ ተሰምቶ ኖሮ፣ ባለሙያው ቅርሱን ከቫይረስ አደጋ በመታደጉ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። እሱም አንገቱን ቀና አድርጎ ተቀበለ፤ አላፈረም። አዳራሹ አጨበጨበ። የኔታ ከጎኔ ነበሩ፤ እጃቸውን ከጋቢያቸው አላወጡም። እኔ ለእንጀራዬ ፈርቼ አጨበጨብኩ።

እንደዚያ ያለ ሰው ዛሬ በየቢሮው ሞልቷል። የማያውቀውን ነገር ሁሉ ተባይ ያደርገዋል፤ ሌላው ያዳነውን በስሙ ያስጽፋል። እሱን መናቅ አያስቸግርም፤ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ሳልደክም ንቄዋለሁ። እነዚህን ያጨበጨቡ እጆቼን ግን ምን ልበላቸው?