ያልተንቀጠቀጠው ድምፅ

ካፒቶሊና ዬጎሮቭና የቮልጋ ዳር ሥጋ ቆራጭ ልጅ ናት። አባቷን ጦርነት በላባት፤ እርሷ ግን የእጁን ጉልበት ወረሰች። የትከሻዋ አጥንት ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ቢጠገንም፣ ለጠፈር በረራ የታጩትን መኮንኖች ዣንጥላ አስታጥቃ ከአውሮፕላን እየገፋች ማውጣቱን አልተወችም። «ከእርሷ ጥፊ መሬቱ ይለሰልሳል» ይሏታል፣ ዞር ስትል።

የልምምድ ሜዳው ሥርዓት ጨካኝ ነበር። ዕጩው ዣንጥላውን ሳይከፍት፣ እየወደቀ፣ ደረቱ ላይ ለታሰረው መቅረጫ ሒሳብ እያሰላ ይናገራል፤ መርማሪዎች ያዳምጡታል፤ ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ጠፈርን በሕልሙ ብቻ ያያታል። ስለዚህ ሁሉም ድምፁን ይገራ ነበር፤ እንደ ሻምበል ዴምያን የገራው ግን አልነበረም።

የዚያን ዕለት አብራው ዘለለች። የመክፈቻው ሰዓት ሲደርስ የዴምያን ከንፈር ሳያቋርጥ ያሰላል፤ እጁ ግን እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ተገትሯል። ዣንጥላውን በራሱ የሚከፍት መሣሪያ እንደታጠቀ ታውቃለች፤ በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተማምና ግን ባሏን ቀብራለች። ተወርውራ ያዘችውና ፊቱን በቡጢ ነረተችው። የአፍንጫው ደም ወደ ላይ ተረጨ። እንደሚሰጥም ሰው አንገቷን አንቆ ያዛት። በግንባሯ መታችው፤ ጣቱን ቆልምማ ሰበረችው፤ የዣንጥላውን እጀታ መንጭቃ ከፈተችለት። ዣንጥላው ሲነጥቀው ጫማው አፏን አገኘው፤ ሁለት ጥርሷ ረገፈ። የራሷን ዣንጥላ ከፍታ ከታረሰ ማሳ ላይ ተላተመች።

ደርሳ ስታየው ቆሟል።

«መልሱ መቶ አርባ ሦስት ነው፣ ጓድ አሠልጣኝ» አላት ረጋ ብሎ። «ሁሉም ደህና ነው።»

«ደህና? አፍንጫህ የት እንደሄደ ታውቃለህ?»

«ትንሽ ደም ነው።»

በጥፊ አጮለችው። «ፈርተሃል?»

«አልፈራሁም።»

ደገመችው። «ውሸታም! የማይፈራ ሬሳ ነው፤ ሬሳ ደግሞ ወደ ላይ አንልክም። ዳግም እንዲህ ብትለኝ ዛሬውኑ ከዕጩዎቹ ዝርዝር አሰርዝሃለሁ!»

ሦስተኛው ጥፊ ሲያርፍበት አገሳ። በደህና እጁ መንጋጋዋን ብሎ ጣላትና ጉሮሮዋን ያዘ።

«ፈራሁ! እጄ እንቢ አለኝ! እናቴን ጠራሁ፣ ሰማሽ? እናቴን!»

የሜዳው ሐኪም ሊያላቅቃቸው ሲሮጥ ከሥር ሆና እጇን አወናጨፈች። «ተወው! ወደ ራሱ ገና አሁን መምጣቱ ነው!»

ዴምያን ለቀቃት፤ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ተንሰቀሰቀ።

«ጣትህ ሲድን» አለችው ደም እየተፋች፣ «ፈራሁ እያልክ ትወድቃለህ፤ እያልክም ትከፍታለህ።»

«መርማሪዎቹስ፣ ካፒቶሊና ዬጎሮቭና?»

«እነርሱን ለእኔ ተዋቸው። እነርሱም የሚረግፍ ጥርስ አላቸው።»