ዝላትካና የጎደለው አንሶላ

ዝላትካ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። በረንዳዋ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጠብታው የእኔ አበቦች ላይ ይወርዳል። በዚህ ስንጣላና ስንታረቅ አብረን አረጀን። የከተማችን የስሊቨን ሱፍ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ ሁለታችንም እዚያ ነበርን፤ እኔ ክር ክፍል፣ እሷ ሽመና። አሁን ቤቷ ተቀምጣ ለሰው መጋረጃ ትሰፋለች።

እጇ ወርቅ ነው፤ አመሏ ግን ጥርጣሬ ነው። ገበያ ወጥታ ቲማቲም ስትገዛ ከላይ ያለውን ትታ ከሥር ትጎረጉራለች። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፈገግ ካለላት ቦርሳዋን ጨበጥ ታደርጋለች። ልጇን ዮአናን ያሳደገቻት “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” እያለች ነው። ባሏ ፕላመን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሳቂታ፣ ነገር የማይከብደው ሰው። አራተኛው የቤቱ ሰው የፕላመን አባት ሽማግሌው ሃራላምፒ ናቸው። ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ቃላቸው አጭር የሆነ ሰው። ቤቱም በስማቸው ነው።

ይህ ቤተሰብ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ወደ ባሕሩ፣ ወደ ፖሞሪዬ ይወርዳል። የሚያርፉት የታወቀች ባልቴት ቤት ነው። ዝላትካ ግን በሰው አንሶላ ተኝታ አታውቅም። “ማን እንደተንከባለለበት በምን አውቄ!” ትላለች። ስለዚህ አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ፣ ፎጣው ሁሉ ከቤት ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በሻንጣ ተጭኖ ይሄዳል። ከመሄዳቸው በፊት ያለው ሳምንት የአጠባ ሳምንት ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ሲንጫጫ ይውላል፤ መታጠቢያ ቤቱ በተዘፈዘፈ ልብስ ይሞላል፤ ፕላመን ጢሙን የሚላጨው ወጥ ቤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ግቢው ውስጥ ካለው የጋራ ገመድ ላይ አንድ የትራስ ልብስ ጠፍቶባት ነበር። ከዚያ ወዲህ የቤቷን ጨርቅ ሁሉ ጥጉ ላይ በቀይ ክር ምልክት ትሰፋበታለች። ያንን የትራስ ልብስ ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ ትጠረጥራለች፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዷ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት በዚያ ሳምንት በሬን ደበደበች። ከፍቼ ሳያት የልብስ መቆንጠጫዎቹ ገና ሽርጧ ላይ ናቸው።

“ዶብሪንካ፣ የአባባ አንሶላ ጎድሏል።”

“ማሽኑ ውስጥ ይሆናላ።”

“የለም። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ከብርዱ ወራት ጀምሮ የእሳቸው ፒጃማ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ አላየሁም። ሰውዬው በሕይወታቸው መሐረብ አጥበው አያውቁም! ታዲያ ማን ነው የሚያጥብላቸው?”

ለፕላመን ስትነግረው ሳቀባት። “አንቺ ሴትዮ፣ አንሶላ እግር የለውም። ተዪ፣ ሻንጣሽን አስተካክዪ።”

“እግር የለውም፤ የሚወስደው ሰው ግን እግር አለው” አለችው።

በማግስቱ አንሶላው ተገኘ። ቆሻሻ ልትጥል ወርዳ ስትመለስ ቀና ስትል ከእኛ ቀጥሎ ባለው መግቢያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የእትዬ ስቴፍካ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ያርገበግበዋል። ጥጉ ላይ ቀይ ክር አለ። እትዬ ስቴፍካ ባላቸው ከሞተ ቆይቷል። ጸጉራቸውን አሁንም ጥቁር የሚቀቡ፣ ከንፈራቸውን ቀለም ሳይቀቡ ዳቦ ለመግዛት የማይወጡ ሴት ናቸው።

ዝላትካ እየሮጠች መጣች። ፊቷ እንደ ቀይ ሥር ቀልቷል።

“ገባሽ? ሽማግሌው እዚያ ነው አንሶላ የሚያነጥፉት!”

“ኧረ በስመ አብ! በሰባ ስምንት ዓመታቸው?”

“ወንድ ልጅ ደግሞ ዕድሜ አለው? እኔ እኮ አይቻለሁ፤ በጠዋት ተነስተው ፌስታል ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ይወጣሉ። ዳቦ ልገዛ ይላሉ። ዳቦ ሊገዛ ፌስታል ሞልቶ የሚወጣ ሰው የት አገር ነው ያለው?”

የዚያኑ ዕለት ምሳ ላይ ነገሩ ባሰ። ሽማግሌው ሾርባቸውን ጨርሰው ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ “ዘንድሮ እኔ ባሕር አልሄድም። ቲማቲሙን ማን ያጠጣዋል?” አሉ። ከከተማው ዳር ትንሽ የአትክልት ቦታ አለቻቸው። ያቺን ቦታ በየዓመቱ ጎረቤት ነው የሚያጠጣላቸው። ዮአና “አያቴ፣ እርስዎ ከሌሉማ ዋና ማን ያስተምረኛል?” ብላ ብትለምናቸው አንገታቸውን ደፍተው ተነሱ።

ዝላትካ በዚያ ቀን ስትተኩስ አየኋት። ካውያውን ሸሚዙ ላይ ስትጭነው ሰው የምትገድል ነው የምትመስለው።

“እኛን ያስወጡንና ያመጧታል” አለችኝ። “ስንመለስ የበሩ ቁልፍ ተቀይሮ እናገኘዋለን። ቤቱ በማን ስም ነው? በእሳቸው። የአማቴ ሳህኖች፣ የአማቴ አልጋ... ያቺ የተቀባባች እዚያ ላይ ተዘርግታ!”

“ጠይቂያቸዋ።”

“እሳቸውን? ከድንጋይ ወተት! እሷን ነው የምጠይቃት። አንቺም ትመጫለሽ፣ ምስክር ትሆኚኛለሽ።”

አልሄድም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ነገሩን ማወቅ እኔም ፈልጌ ነበር። ሄድን። እትዬ ስቴፍካ በሩን ከፈቱ። ዝላትካን ሲያዩ እጃቸው ወደ ጸጉራቸው ሄደ።

“ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ።”

“አልገባም እትዬ ስቴፍካ። አንሶላዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።”

“የትኛውን አንሶላ?”

“ያንን። ቀይ ክር ያለበትን።”

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ገብተው አንሶላውን አጣጥፈው አመጡት። አጣጠፋቸው ጥሩ ነበር፤ ይህም ዝላትካን ይበልጥ አናደዳት።

“እንዴት እዚህ መጣ?” አለች።

“እሱን እኔን አትጠይቂኝ፣ ልጄ። ብነግርሽ ሃራላምፒ ዳግመኛ ዓይኔን አያዩኝም።”

“ይኸው! ሰማሽ ዶብሪንካ? ዓይኗን አያዩዋትም!”

“የምታስቢውን አውቃለሁ” አሉ እትዬ ስቴፍካ። “ብታስቢም አልፈርድብሽም። ግን አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ባልሽ ፊት እንዳታነሺው።” ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ዝላትካ ደረጃውን ስትወርድ ትሳደባለች። “ባሌ ፊት አታንሺ ትለኛለች! እንዴት ያለች ደፋር ናት!” መሐል ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። አንሶላውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አንዴ አሸተተች፤ ዞረችና ሰጠችኝ።

“ሽተቺውማ። ምን ይላል?”

“አቼቶ።”

“አቼቶ” አለች ቀስ ብላ። “ሰው አንሶላ በአቼቶ የሚያለቀልቀው መቼ ነው?”

ሁለታችንም ልጅ አሳድገናል። መልሱን እያንዳንዳችን በየበኩላችን እናውቀው ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ቆይታ ተነስታ ወደ ቤቷ ሄደች። ሽማግሌው አትክልት ቦታ ሄደው ስለነበር ክፍላቸው ገብታ ፍራሹን ገለጥ አደረገችው። ሥሩ የአትክልት መሸፈኛ ላስቲክ ተነጥፏል፤ ዳርና ዳሩ በጥንቃቄ በመቀስ ተቆርጧል። ከአልጋው ሥር ደግሞ እርጥብ ፒጃማ የታጨቀበት ፌስታል ተደብቆ ነበር።

አሁን ልቧ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር። ሴትም የለ፣ ሰርግም የለ፣ ቤቱም አይሄድም። ግን ስትመጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው የመጣችው።

“ሽንታቸው እያመለጣቸው ነው” አለችኝ። “ለዚያች ሴትዮ ነገሯት። የእሷም ባል እንዲሁ ሆኖ ነው የሞተው፤ አስታወስኩ። ግን እኔስ? በዚህ ቤት የሁሉንም እድፍ የማጥበው እኔ አይደለሁም? የልጄን፣ የባሌን፣ የሟቿን የአማቴን እንኳ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ሰው ብመስላቸው ነው ከእኔ የሚደብቁት?”

የጓዳውን ሁሉ ቆጥሮ፣ አገላብጦ፣ አሽትቶ ከሚያውቅ ሰው ፊት አንድ ሽማግሌ ምን እንደሚሰማው ልነግራት አልፈለግኩም። ከፊቴ ገባት መሰለኝ፤ አፍንጫዋን ጠረገችና ሄደች።

በማግስቱ ከመድኃኒት ቤት ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ልብስ ገዝታ መጣች፤ አንድ ሳይሆን ለአራቱም አልጋ። ሳሎን መሐል ሻንጣዎቹን ዘርግታ፣ ቤተሰቡን ሰብስባ፣ ቆጣ ብላ ተናገረች።

“ባለፈው ዓመት እዚያ ሴትዮ ቤት ወገቤን ሲያሳክከኝ ነበር። ፍራሹ ትኋን እንዳለው ጠርጥሬያለሁ። ዘንድሮ ሁላችንም ከአንሶላው ሥር ይሄንን ነው የምናነጥፈው። በየጠዋቱም ሁሉም አንሶላ ተነስቶ ይታጠባል። መከራከር የለም!”

ፕላመን እስኪያነባ ሳቀ። “ዘንድሮስ ለየልሽ! የሚቀጥለው ዓመት ባሕሩንም አጥበሽ ታሰጪዋለሽ።” ዮአና ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች። የዝላትካን አመል የሚያውቅ ማንም ሰው ምክንያት አልጠየቀም። ሽማግሌው ብቻ የፍራሽ ልብሱን እያዩ ቆዩ።

“የኔም አልጋ ላይ?” አሉ።

“የሁሉም ላይ፣ አባባ። ትኋን ሰው አይመርጥም።”

“እኔ አልሄድም ብያለሁ።”

“ሻንጣዎን ዘግቼዋለሁ። እኔ የዘጋሁትን ሻንጣ የሚከፍት ሰው እንዳላይ።”

ተቆጥተው ወጡ። የዚያን ቀን ራትም አልበሉም። ምራታቸው እንዳወቀችባቸው አውቀዋል፤ ይህም ከፍራሽ ልብሱ ይልቅ አቃጥሏቸዋል። መሄጃቸው ደርሶ ፕላመን ሻንጣ ሊጭን ሲወርድ ግን ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አድርገው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። እኔ ከበረንዳዬ እጄን ባወዛውዝላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

የፖሞሪዬውን የነገረችኝ ራሷ ናት። በየጠዋቱ አራቱንም አልጋ ትገፍፋለች፣ ታጥባለች፣ ታሰጣለች። የቤቱ ባለቤት ባልቴቷ መጀመሪያ ታገሠች። ኋላ ግን “ትኋን” የሚለው ቃል ከዮአና አፍ አምልጦ ጆሮዋ ገባ። ሌሎች እንግዶች ቁርስ በሚበሉበት ግቢ መሐል ወገቧን ይዛ ቆመች።

“በእኔ ቤት ነው ትኋን? ሃያ ዓመት እንግዳ ተቀብዬ! ያየሽውን ትኋን አምጪና አሳዪኝ! አለዚያ ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልዪ!”

ዝላትካ እውነቱን ብትናገር ሽማግሌውን ታዋርዳለች፤ ብትዋሽ ሴትዮዋን። እርጥቡን አንሶላ ታቅፋ ቆማ ሳለ ሽማግሌው ከጠረጴዛው ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“እሜቴ” አሉ፤ “ትኋኑ እኔ ነኝ። አርጅቻለሁ፤ ሽንቴን አልቋጥርም። ይቺ ልጅ እኔን ልትሸፍን ነው የቤትዎን ስም ያጠፋችው። ቤትዎ ንጹሕ ነው።”

ፕላመን የያዘው ዳቦ አፉ ላይ እንዳለ ቀረ፤ እንባው መጣ፤ ያ ነገር የማይከብደው ሰውዬ። ባልቴቷ ሄዳ ሁለት ሌላ ገመድ አምጥታ ከበለስ ዛፉ ላይ አሰረችላቸው። ሽማግሌው የዚያን ቀን ከልጅ ልጃቸው ጋር ባሕሩ ውስጥ ገብተው እስኪመሽ አልወጡም አለችኝ።

ሲመለሱ ፕላመን ሐኪም ዘንድ ወሰዳቸው። ፕሮስቴት ነው ተባለ፤ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በጣም ተሻላቸው። አሁን አንሶላቸው እንደማንም ሰው አንሶላ ነው፤ ራሳቸው አምጥተው ቅርጫቱ ውስጥ ይጥሉታል። እትዬ ስቴፍካ ዘንድ መሄዱን ግን አልተዉም። ከሰዓት በኋላ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ይወጣሉ።

ባለፈው ዝላትካ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ ከበረንዳዋ ወደ እኔ አጎነበሰች።

“ዶብሪንካ! መድኃኒቱ ሠርቷል። ታዲያ አሁን እዚያ ምን ይሠራሉ?”

“ካርታ ይጫወታሉ አሉ።”

“ሸሚዝ ተተኩሶ ነው ካርታ የሚጫወቱት?”

“አንቺ አይደለሽ የተኮስሽላቸው?”

“ሲለምኑኝ ምን ላድርግ” አለችና ወደ ልብሷ ተመለሰች።