ጋሽ አየለ በስልክ ያደረጉት ንግግር

ጤና ረዳቱ አቶ አየለ ወርቅነህ ባለፈው ማክሰኞ ማረፋቸውን የሰማችሁ ሰምታችኋል፤ ከድሬዳዋ ርቃችሁ ያልሰማችሁ ደግሞ ከእኔ ስሙ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ከዚራ ሰፈር በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጎረቤት ሲያስታምማቸው ሰንብቶ፣ ረፋዱ ላይ አረፉ።

በቀብራቸው ዕለት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የሕይወት ታሪካቸውን ሲያነቡ «ጓድ አየለ በዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ላይ ንግግር አድርገዋል» አሉ። ቀባሪው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። እኔ መሬት መሬቱን ሳይ ቆየሁ። ያኔ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩና፣ የዚያን ንግግር ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ተቅማጥና ትውከቱ ከተማችን በገባበት ዓመት ጋሽ አየለ መልካ ጀብዱና ጀልዴሳ ድረስ፣ ሲያገኙ በጭነት መኪና ሲያጡ በእግራቸው እየሄዱ በየቤቱ ይገቡ ነበር። ውኃ አፍልተው ያቀዘቅዙና ስኳርና ጨው በማንኪያ ለክተው ይበጠብጡበታል። ለበሽተኛው ከመስጠታቸው በፊት አንድ ኩባያ ራሳቸው ይጠጣሉ፤ ያለዚያ ማን ያምናቸዋል? ታናሽ እህቴ የታመመች ጊዜ የእኛም ቤት መጡ። እናቴ አማርኛ ብዙም አትሰማምና አጠገቧ ቁጭ ብለው በኦሮምኛ አስረዷት፤ በራሷ እጅ እስክትበጠብጥ ድረስ አልተነሡም። እህቴ ዳነች።

አለቆቻቸው ግን ነገሩን አልወደዱትም። መበጥበጥ የክሊኒክ ሥራ ነው፣ እናቶች ልኩን ያበላሹታል ይሉ ነበር። ጋሽ አየለ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ሥልጣን ያለው ሰው ሰምቷቸው፣ እናቶችን ማስተማር በየአገሩ እንዲፈቀድ።

የጎረቤት አገሮች የጤና ባለሙያዎች ጉባኤ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ላይ ሊደረግ ታስቦ ነበር። በበሽታው ምክንያት መንገደኛ ሲከለከል በስልክ ይሁን ተባለ። ሁሉም በየከተማው ስልክ ቤት ይቀመጣል፤ እኛ ኦፕሬተሮች መስመሮቹን እናገናኛለን፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። ለጋሽ አየለ ግማሽ ሰዓት ተሰጣቸው። በወጣትነታቸው ምድር ባቡር ሲሠሩ በለመዱት ፈረንሳይኛ ጽፈው፣ የጅቡቲ መስመር ላይ ስለምሠራ ወደ እኔ አመጡት። «አቦ፣ ፈረንሳይኛዬ ዝጓል፤ አንቺ አርሚልኝ» አሉኝ። ከእኔ የተሻለ ያውቁ ነበር።

በእንዲህ ያለ መስመር ሁለት ሰው በአንዴ ከተናገረ የሁለቱም ድምፅ ይጠፋል። ስለዚህ አጥብቄ አስጠነቀቅኋቸው፦ እስኪጨርሱ ድረስ ከዚያ ወገን ምንም አይጠብቁ፣ ጸጥ ካለ እያዳመጡዎት ነው አልኳቸው።

ያላቸውን አንድ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው መጡ። ባለ መስታወቱ የስልክ ክፍል ገብተው ቆመው ጀመሩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሰሌዳዬ ላይ ያለው የመስመሩ መብራት ጠፋ፤ መስመሩ ተቋረጠ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፤ አዲስ አበባን ጠራሁ፣ ጅቡቲን ጠራሁ። መልስ የለም። ቀና ስል ጋሽ አየለ በግራ እጃቸው ስልኩን ይዘው፣ በቀኛቸው የማንኪያውን ልክ ያሳያሉ። ተነሥቼ በሩን ከፍቼ መቋረጡን መንገር ነበረብኝ። ፊታቸው ላይ እንዲያ ያለ ደስታ አይቼ ስለማላውቅ አልቻልኩም። ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ብቻዬን ሰማሁ።

ላብ አጥምቋቸው ወጡ።

«ሰሙኝ?» አሉኝ።

«ሰምተዋል ጋሼ።»

አመስግነውኝ በቀጥታ ወደ ጀልዴሳ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ መስመሩ ተመለሰና የጉባኤው ሰብሳቢ የድሬዳዋው ተናጋሪ ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ ነገ ጠዋት እንደገና ይናገሩ አሉ። እሺ ብል ውሸቴ ሊወጣ ነው። ገጠር ስለሄዱ ነገ አይገኙም አልኩ። ወሬ ብልክላቸው ሌሊቱን በእግራቸው ይመጡ ነበር።

ከዚያ በኋላ በስልክ ቤቱ ባለፉ ቁጥር ጎራ እያሉ መልስ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቁኝ ነበር። መጀመሪያ «ትልቅ ነገር ስለሆነ ጊዜ ወስደው ያስቡበት» ይሉ ነበር። ዓመት ሲያልፍ ጥያቄውን ተዉት። አለቆቻቸው ካርድ ክፍል አስቀመጧቸው፤ እሳቸውም ሳይከራከሩ ተቀመጡ። አንድ ቀን ብቻ፣ ወሬ ስናወራ ቆይተን በመሐል «ሐሳቤ የማይረባ ሆኖባቸው ይሆናል» አሉ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ጋሽ አየለ፣ ታመው ሳሉ እውነቱን ልነግርዎት ሦስት ጊዜ ቤትዎ መጥቼ፣ እንዴት አደሩ ብዬ ብቻ ተመልሻለሁ። አሁን ሰው ሁሉ እያነበበው ልንገርዎት። ከዚያ ጉባኤ አንድም ሰው ሐሳብዎን አልናቀም፤ አልደረሳቸውም። መልስ ሲጠብቁ የኖሩት ካልሰሙዎት ሰዎች ነው። የሰማሁዎት እኔ ነኝ፤ ዝም ያልኩዎትም እኔ ነኝ። ደህና ይሁኑ ጋሼ።