የእትዬ ጽጌ ጸጉርና የሐይቅ ዳር ሩጫ

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የልጄ ልጅ ሜላት የስፖርት ጫማዋን አጥልቃ፣ ጸጉሯን ወደ ላይ ቆልላ፣ ከንፈሯን አቅልታ ከመኝታ ቤት ወጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሰሞኑን እሷና ጓደኞቿ የድሮ ሴቶች አጊያጌጥ ይዟቸዋል፤ ስልኳ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እየሰበሰበች ያንን ለመምሰል ትደክማለች። ሩጫዋን ደግሞ አትተውም፤ በየማለዳው ጣና ዳር ትሮጣለች። ያን ቀን ስትመለስ የቆለለችው ጸጉር ወደ ግራ ተንዶ፣ ኩሉ ጉንጯ ላይ ወርዶ ነበር።

«እማማ፣ የድሮ ሴቶች ስፖርት አይሠሩም ነበር ማለት ነው» አለችኝ መስተዋቱ ፊት ቆማ። «ይኼ ነገር ከላብ ጋር አይሆንም።»

«ይሆናል እንጂ» አልኋት። «ጸጉርሽን ከሥሩ በደረቁ ወደ ኋላ አበጥሪው። ከሻሹ ሥር ግንባርሽ ላይ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ እሰሪ፣ ላቡን እሱ ይጠጣዋል። ኩሉን ከላይ እንጂ ከታች አትቀቢ። ስትሮጪ ደግሞ አትዝለዪ፤ እግርሽን መሬት ለመሬት ውሰጂው።»

ዘወር ብላ አየችኝ። እኔን ከንፈሬን ተቀብቼ ያየኝ ሰው በዚህ ቤት የለም። «አንቺ ይኼን ከየት አወቅሽው?» አለች። ሻይ ቀዳሁላትና አጠገቤ አስቀመጥኋት። ያወቅሁት ለመልኬ ስል አልነበረም፤ ሰው እንድሰልል ተልኬ ነው።

ሰባዎቹ ገና ሲጀምሩ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ከአንበሳሜ እህል እያመጡ የሚነግዱ ሰው ስለነበሩ በየስብሰባው የነጋዴ ስም በተነሣ ቁጥር አንገታቸውን ይደፋሉ። በዚያ ላይ ሥራ ለመያዝ ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን የሚፈርመው ሊቀመንበሩ ጓድ ታፈረ ነበር፤ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ፣ ሰውን ዝም ብሎ በማየት የሚያስጨንቅ ሰው።

በዚያ ጥቅምት እትዬ ጽጌ የሚባሉ ሴት ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ያለችውን አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ተከራዩ። ዕድሜያቸው ወደ አርባው ይጠጋል። አነጋገራቸው የድሬዳዋ ነው፣ የመጡት ግን ከደብረ ታቦር ነው አሉ። ልብስ ይሰፋሉ። ባለቤታቸው የት እንዳሉ ሲጠየቁ «በሥራ ሩቅ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣቸውም።

ከሁሉም በላይ ሰውን ያስገረመው መልካቸው ነበር። ያኔ የከተማው ሴት ሁሉ ጸጉሯን ወይ በሻሽ ጠቅልላ ወይ አሳጥራ፣ ካኪ ለብሳ ነው የምትሄደው። እሳቸው በንጉሡ ጊዜ በየፎቶ ቤቱ መስኮት እንደሚሰቀሉት ወይዛዝርት ጸጉራቸውን ወደ ላይ ቆልለው፣ ዓይናቸውን በኩል አስረዝመው፣ ከንፈራቸውን አቅልተው ይወጣሉ። የሚወጡትም በማለዳ ነው። ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ለሩጫው ከጸጉሩ ላይ ሻሽ ሸብ አድርገው፣ በሸራ ጫማና በሰፊ ሱሪ ወደ ሐይቁ ይሮጣሉ። ዝናብ ቢሆን፣ እሑድ ቢሆን አይቀሩም።

«ባሏ የሌለ ሴት ለማን ብላ ነው በጎሕ የምትኳለው?» አለች እናቴ። አንዷ ጎረቤታችን ለሽፍቶች ምልክት የምትሰጥ ናት አለች። ሌላዋ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተዉ፣ የደኅንነት ሰው ናት፤ እኛን ልታይ ነው የመጣች» አለች። ከዚያ በኋላ እሳቸው ባለፉ ቁጥር በራፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ጨዋታውን ያቋርጥ ነበር። እንዲህ ያለ ዘመን ነው። ሰውን መጠርጠር እንደ ሰላምታ ለምዶብን ነበር።

አንድ ቀን ጓድ ታፈረ ቢሮው ድረስ አስጠራኝ።

«ሙሉነሽ፣ ስፖርት ትወጃለሽ?»

«እወዳለሁ ጓድ» አልሁ። ዋሸሁ።

«ደግ። ከነገ ጀምረሽ ከሴትዮዋ ጋር ትሮጫለሽ። ማንን እንደምታገኝ፣ የት እንደምትቆም፣ ለማን እጇን እንደምታወዛውዝ ታይልኛለሽ። ለውበት ብቻ ብሎ እንዲህ የሚደክም ሰው የለም።» ከዚያ የድጋፍ ደብዳቤ ማመልከቻዬን ከመሳቢያው አውጥቶ አየት አድርጎ መልሶ ከተተው። ሌላ ምንም አላለኝም። መናገርም አላስፈለገውም።

በማግሥቱ ደጃፋቸው ላይ ጠበቅኋቸው። «እትዬ፣ አብሬዎት ልሩጥ?»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ለምን?»

«ለጤናዬ።»

«አሞሻል?»

«ኧረ አላመመኝም።»

«እንግዲያው ነይ» አሉ፤ ሻሻቸውን አጠበቁና ተነሡ።

የመጀመሪያው ሳምንት ጎኔን እየወጋኝ፣ ትንፋሼ እየተቆረጠ አለፈ። ከጊዮርጊስ ጀርባ ወርደን በሾላዎቹ ሥር እናልፋለን። የጥቅምት ማለዳ ሐይቁ እንደ ወተት ነጭ ይሆናል፤ ደንገሉ ጤዛ ተሸክሞ ይጎነበሳል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ወደ ዳር ሲስቡ ቅዝቃዜው ውስጥ የዓሣና የጭቃ ሽታ ይመጣል። እሳቸው እየሮጡ ያስተምሩኝ ነበር። ጭንቅላትሽ ላይ የሞላ እንስራ እንዳለ ቁጠሪ፤ ትከሻሽን ጣይው፤ በአፍንጫሽ ሳቢ። ጸጉራቸውን ማታ በቢጎዲን ጠቅልለው እንደሚተኙ፣ የከንፈር ቀለሙን አንዴ ተቀብተው በወረቀት መጥጠው እንደገና እንደሚደርቡት፣ ላብ እንዳያወርደው ጉንጫቸውን በቀዝቃዛ ውኃ እንደሚመቱ ነገሩኝ። እኔም ሁሉንም በልቤ እመዘግባለሁ፤ የትኛው ምስጢር እንደሆነ አላውቅማ።

አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር ሲሰጧቸው አየሁ። ወረቀት ነው አልሁ። ቤት ስንደርስ ጥቅሉን ፈትተው ሁለት ቀረሶ ዓሣ አወጡና አንዱን ለእናቴ ላኩላት። እናቴ በሚጥሚጣ ጠብሳ እየበላች፣ «እንዲያው ይኼ ደግነት ለምን ይሆን?» አለች።

ከሁሉ ያስጠረጠረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ እንደ ክንድ ወደ ውስጥ የታጠፈበት ቦታ አለ። ሁልጊዜ እዚያ ስንደርስ ይቆማሉ፤ እጅና እግራቸውን የሚያፍታቱበት ጊዜ ነው። ታዲያ እስከዚያ ድረስ በሻሽ ተጠቅልሎ የመጣውን ጸጉር እዚያ ይፈቱታል። ከኪሳቸው ትንሽ መስተዋት አውጥተው ከንፈራቸውን እንደገና ያቀላሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው እጃቸውን ያነሣሉ፣ ይጎነበሳሉ፣ ይነሣሉ። ሲጨርሱ ሻሹን መልሰው ያስራሉ። በስፖርት መካከል ሻሽ የሚፈታ፣ ከንፈር የሚቀባ ማነው? አየሁ፣ ቆጠርሁ፣ ለጓድ ታፈረ ግን ጥቂት ልቆይ ብዬ ዝም አልሁ።

ኅዳር ሲጋመስ ያየሁትን አየሁ። ከማዶ፣ ውኃው የታጠፈበት ዳርቻ ላይ፣ እስረኞች በጠባቂ ታጅበው ውኃ ሊቀዱ ይወርዱ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በየቀኑ ጣሳውን መሬት ያስቀምጥና መዳፉን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ያያል። ጠባቂው ሲጮህበት ጣሳውን ያነሣል።

«እትዬ፣ ያ ሰውዬ እኛን ነው የሚያየው» አልሁ።

ከንፈራቸው ጋ የደረሰው እጃቸው ቆመ። ዘወር አላሉም። «ማን እንደላከሽ አውቃለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አሉኝ። «ሰው መላካቸው ካልቀረ አንቺ ትሻያለሽ ብዬ ነው ነይ ያልኩሽ።»

ከአጠገባቸው አንድ እርምጃ ራቅ አልሁ።

«ባሌ ነው። አስተማሪ ነበር። ጥየቃ አልተፈቀደለትም፤ ስንቁንም በር ላይ ነው የሚቀበሉኝ። የያዙት ቀን መነጽሩን ሰብረውበታል፤ ያለ መነጽር ከሩቅ ሰውን ከዛፍ አይለይም። ይኼን ግን ይለያል» አሉና ጸጉራቸውን በጣታቸው ነኩ። «ስንጋባ እንዲህ ነበር የተሠራሁት። ቅርጹን ካየ ‹አለች› ይላል። እንዲሁ መጥቼ ብቆም ይይዙኛል። ስፖርት የሚሠራን ሰው ግን ማን ምን ይለዋል? ሥሩ የሚለው መንግሥት ራሱ ነው።»

«ምን አድርገው ነው የታሰሩ?»

«እኔ አላውቅም። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እንደምንተያይ ከታወቀ ግን ወደማላውቀው ቦታ ይወስዱታል። እንግዲህ የምትናገሪውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

እውነቱን ልናገርና ሙሉ በሙሉ አላመንኋቸውም። ምናልባት ሰውየው ባላቸው አይደለም፣ ምናልባት እኔን ልጅ አድርገው ሊያታልሉኝ ነው እያልሁ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። በሦስተኛው ቀን ሪፖርቱን ጻፍሁ። «ሴትዮዋ የምታገኘው ሰው የለም። የምትሮጠው ቁመናዋን ለመጠበቅ፣ የምትኳለውም ከቀድሞው ሥርዓት በወረሰችው የንዑስ ከበርቴ አመል ነው።» ጓድ ታፈረ አንብቦ ፈገግ አለ። ደብዳቤዬን በዚያው ፈረመልኝ። ያዳንኋቸው መስሎኝ እየዘለልሁ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ጓድ ታፈረ የእኔን ቃል አንድም ሳያጎድል አነበበው። ከዚያ እትዬ ጽጌን አስነሥቶ፣ ጸጉራቸውን እስከ ነገ ቆርጠው ለሴቶች ሁሉ አርአያ እንዲሆኑ አዘዘ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። እሳቸው «እሺ ጓድ» ብለው ሲቀመጡ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ አልተቆጣም፣ አላዘነም፤ እንዲሁ አረፈና ሄደ። በዚያው ከሰዓት በተከፈተው በራቸው በኩል መስተዋት ፊት ተቀምጠው በልብስ መቀሳቸው ጸጉራቸውን ሲቆርጡ አየሁ።

በማግሥቱ ከአልጋዬ አልወጣ አልሁ። በራችን ተንኳኳ። «ዛሬ አትሮጪም?» አሉኝ። ከሻሹ ሥር ጭንቅላታቸው እንደ ወንድ ልጅ ሆኗል። ከንፈራቸው ቀልቷል። «ስለ ከንፈር የተባለ ነገር የለም» አሉ፣ ዓይኔን አይተው።

ሮጥን። ከተለመደው ቦታ ስንደርስ እጃቸው ለምዶበት ሻሹን ፈታ። ከማዶ ሰውየው ጣሳውን አስቀመጠ፣ መዳፉን ግንባሩ ላይ አደረገ፣ ፈለገ። ዓይኑ በእኛ ላይ አልፎ ወደ ሾላው ሄደ፣ ከሾላው ወደ ደንገሉ ተመለሰ። ጠባቂው ገፋው። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ጣሳውን አላስቀመጠም፤ አንገቱን ደፍቶ ቀድቶ ወጣ። እትዬ ጽጌ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ሞታለች ብሏል» አሉ። እኔ የፈቱትን ሻሽ አንሥቼ ሰጠኋቸው።

በአራተኛው ቀን እስረኞቹ ገና ሲወርዱ ከድንጋዩ ላይ ቆሙ። ደረታቸውን ነፍተው እንደ ስፖርት መሪ ጮኹ።

«ክንድ ወደ ላይ! አንድ! ሁለት!»

መጀመሪያ ያበዱ መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። እኔም ከኋላቸው ቆሜ «ሦስት! አራት!» አልሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ሳቁ። ከማዶ ጠባቂው ቀና ብሎ አየንና እሱም ሳቀ። ሰውየው ግን ጣሳውን ለቀቀው፤ ቁልቁል ተንከባሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት። ድምፁ ወደመጣበት ዞሮ ቆመ። ከዚያ ወገቡን እንዳመመው ሰው ቀስ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። በአንድ አነሣ፣ በሁለት አወረደ። እትዬ ጽጌ ድምፃቸው አልተሰበረም፤ እንባቸው ግን ኩሉን ይዞ እስከ አገጫቸው ወረደ። ስለ ኩል ያስተማሩኝ ሁሉ ያን ቀን አልሠራም።

ወሬው ጓድ ታፈረ ዘንድ ደረሰ። ደስ አለው። እትዬ ጽጌን የቀበሌው ሴቶች የማለዳ ስፖርት መሪ አደረጋቸው። ከጥር ጀምሮ ሃያ ሴት ሆነን፣ እናቴ ሳትቀር፣ ውኃው ዳር ተሰልፈን እንቆጥር ነበር። ለማን እንደምንቆጥር ከሁለታችን በቀር ያወቀ የለም፤ ወይም አውቆ የተናገረ የለም።

ባለቤታቸው በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ተፈቱ። ቀይ፣ ረጅም፣ ሰውን ለማየት ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። እጄን ይዘው «ሦስትና አራት የምትይው አንቺ ነሽ» አሉኝ። በሳምንቱ ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። ሲሰናበቱኝ እትዬ ጽጌ በጨርቅ የታሰረ ቢጎዲናቸውን ሰጡኝ። «ለእኔ ከእንግዲህ አይሆነኝም» አሉ። ስጦታ ይሁን ወቀሳ ፊታቸው ላይ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ስለ ሪፖርቱ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም።

ይኼን ሁሉ ለሜላት ከነገርኋት በኋላ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ፊቷን ሳትታጠብ ነው የሰማችኝ። «እማማ፣ ‹የምታገኘው ሰው የለም› ብለሽ ብትተዪውስ? ቀሪውን ለምን ጨመርሽው?» አለችኝ።

ለብዙ ዓመት መልስ ነበረኝ። ውሸቱ እንዲታመን ነው እል ነበር፤ ጓድ ታፈረ ምክንያት ካልሰጡት አያምንማ። ይኼ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ደብዳቤው በመሳቢያው ውስጥ ነበር፤ እኔ በካኪ ቀሚስ ደብዝዤ ከእሳቸው አጠገብ ስሮጥ መንገደኛው የሚያየው እሳቸውን ነበር። ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ አጻጻፌ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። በደብዳቤው ሥራ ያዝሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። በዚያ ዘመን የጠረጠርኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ንጹሕ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ብዕር የያዘችውን ልጅ ግን ስንት ዓመት መረመርኋት፤ እስካሁን አላመንኋትም።

«አላውቅም» አልኋት ለሜላት። እውነቱ ይኼው ነው።